ልጆቻችንና የኮንግረሱ የሥዕል ውድድር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በየዓመቱ ጃንዋሪ ሲገባ ለዚህ ዓምድ የሚደርሱት ደብዳቤዎች ወደ አንድ ጉዳይ ያዘነብላሉ፤ ይኸውም የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየምርጫ ክልላቸው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚያዘጋጁት ዓመታዊ የሥዕል ውድድር ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ሥዕል ሳስተምር በቆየሁባቸው ዓመታት ለዚህ ውድድር ብዙ ተማሪዎችን ስላዘጋጀሁ፣ የመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል ደብዳቤዎቹን ሰብስቦ ልኮልኛል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ፣ የጸሐፊዎቹን ስም ትቼ፣ እንደሚከተለው መልስ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። የሥዕል መምህሯ «የኮንግረስ ውድድር» የሚባል ነገር እንዳለ ነግራት፣ እኔና አባቷ የምንፈርምበት ቅጽ ይዛ መጣች። አባቷ «ይህ የፖለቲከኞች ነገር ነው፤ የኬሚስትሪ ጊዜዋንም ይሻማባታል» ይላል። እኔ ደግሞ ምንነቱን ሳላውቅ መፈረሙን ፈራሁ። ውድድሩ ምንድን ነው? ገንዘብስ ይጠየቅበታል?
(አንዲት እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እህቴ፣ ያላወቁትን ወረቀት አለመፈረምዎ ትክክል ነው፤ ይህንን ግን አንብበው ቢፈርሙ የሚቆጩበት አይሆንም። ውድድሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሆን፣ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከ650,000 በላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተሳትፈውበታል። አሠራሩ ቀላል ነው። በውድድሩ ለመሳተፍ የወሰነ እያንዳንዱ የተወካዮች ምክር ቤት አባል በምርጫ ክልሉ ውስጥ ካሉ ተማሪዎች ሥራዎችን ይቀበላል፤ ቢሮው የሚመርጣቸው ዳኞች፣ አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢው ሠዓሊዎችና የሥዕል መምህራን፣ አንዱን ለአንደኛነት ይመርጣሉ፤ የተመረጠው ሥዕልም ወደ ዋሽንግተን ተልኮ ከሌሎቹ የምርጫ ክልሎች አሸናፊዎች ጋር ለአንድ ዓመት ያህል ይሰቀላል። የሚሰቀልበትም ቦታ የካነን ሕንፃ ተብሎ የሚጠራውን የምክር ቤቱን የቢሮ ሕንፃ ከካፒቶል (ከኮንግረሱ ዋና ሕንፃ) ጋር የሚያገናኘው የምድር ውስጥ መተላለፊያ ግድግዳ ነው። በዚያ መተላለፊያ የምክር ቤት አባላት፣ ሠራተኞቻቸውና ካፒቶልን ሊጎበኙ የመጡ እንግዶች ቀኑን ሙሉ ይመላለሳሉ።

ብዙ ወላጆች የማያስተውሉት ነገር ቢኖር፣ በዚህ ውድድር ከመላው አሜሪካ አንድ አሸናፊ ብቻ የሚመረጥ አለመሆኑን ነው። የልጅዎ ሥዕል የሚወዳደረው በእናንተው የምርጫ ክልል ካሉት ተማሪዎች ሥራ ጋር ብቻ ነው። የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪዎችም ድምፅ የመስጠት መብት በሌላት ተወካያቸው ቢሮ በኩል ይሳተፋሉ። ስለዚህ «ከአገር ሁሉ ልጆች መካከል የእኔዋ ምን ተስፋ አላት?» ብሎ አስቀድሞ እጅ መስጠት አያስፈልግም።

ባለቤትዎ የፖለቲከኞች ነገር ነው ማለታቸው ከምክር ቤቱ ስም የመጣ ይመስለኛል። ተሳትፎው ለየትኛውም ፓርቲ ድጋፍ መስጠት አይደለም፤ የሁለቱም ፓርቲዎች አባላት ያዘጋጁታል፣ ልጆቹም የሚዳኙት በሥራቸው ነው። ለመወዳደሪያ የሚከፈል ገንዘብ የለም። ወጪ ቢኖር የቀለም፣ የወረቀትና ሥዕሉ ካሸነፈ የፍሬሙ ነው። በቅጹ ላይ ተማሪዋ፣ ወላጅና መምህር የሚፈርሙትም ሥራው የተማሪዋ የራሷ መሆኑን ለማረጋገጥና ሥዕሉ እንዲታይ ፈቃድ ለመስጠት ነው። ሥራው የራሷ መሆኑን የሚመለከተውን አንቀጽ ግን ከልጅዎ ጋር ቁጭ ብለው አንድ ላይ ያንብቡት፤ ምክንያቱን ከቀጣዩ ደብዳቤ ይረዱታል።

ስለ ኬሚስትሪው ባለቤትዎ የሚጨነቁት ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን አንድን ነገር ለሁለትና ለሦስት ሳምንታት ሳትሰለች ደጋግማ ያየች፣ የተሳሳተችውን ፍቃ እንደገና የጀመረች ልጅ፣ ያንን ትዕግሥት ወደ ኬሚስትሪውም ይዛው ትሄዳለች። ይህን በክፍሌ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለውድድሩ ብዬ በላሊበላ ነጭ ጋቢ ለብሰው መቋሚያ የተደገፉ አንድ አባት በአክሪሊክ ሣልኩ። ፎቶውን ያገኘሁት ስልኬ ላይ ነው። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ያዩት ሰዎች ሁሉ «ነፍስ ዘርተሽበታል» አሉኝ። መምህሬ ግን «ይህን መላክ አትችዪም» አለኝ። የሣልኩት በራሴ እጅ ሆኖ ሳለ ለምን ይከለከላል?
(አንዲት ተማሪ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ አዘንኩልሽ፤ ከሚደርሱኝ ሁሉ በጣም የሚደጋገመው ይህ ነው። መምህርሽ ትክክል ነው። የውድድሩ ደንብ ሥራው በሐሳቡም፣ በአቀማመጡም፣ በአሠራሩም የተማሪው የራሱ እንዲሆን ያዝዛል። ከሌላ ሰው ፎቶግራፍ፣ ሥዕል፣ ማስታወቂያ ወይም ሌላ ምስል የተቀዳ ሥራ፣ የቱንም ያህል በጥበብ ቢሠራ፣ ተቀባይነት የለውም። የተፈቀደው ፎቶግራፍ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ እርሱም ተማሪው ራሱ ያነሳው ነው።

በቤታችሁም በቤተ ክርስቲያናችሁም ማንም ነውር ያላገኘበት ነገር ለምን እንደ ጥፋት እንደተቆጠረ ግራ ቢገባሽ አይደንቀኝም። በእኛ ባህል መቅዳት የመማሪያ መንገድ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚማር ደቀ መዝሙር በመምህሩ ሥር ተቀምጦ፣ የቀደሙትን መስመር እየተከተለ፣ የዓይኑን አሣሣል፣ የልብሱን እጥፋት፣ የጣቶቹን አቀማመጥ ሳያዛንፍ ይለማመዳል። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትታይበት የ«ምስለ ፍቁር ወልዳ» ሥዕል በስንት ትውልድ እጅ እየተቀዳ እኛ ዘንድ እንደደረሰ አስቢ። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ሠዓሊው ከራሱ አዲስ ነገር እንዲያመጣ አይጠበቅም፤ የተረከበውን በታማኝነት ማስተላለፍ ነው ክብሩ። ይህ ታላቅ ትምህርት ነው፤ እጅሽ የሠለጠነውም ምናልባት በዚሁ መንገድ ይሆናል። የኮንግረሱ ውድድር የሚጠይቀው ግን ሌላ ነገር ነው። ዳኞቹ ማወቅ የሚፈልጉት አንቺ ምን እንዳየሽ ነው።

የላሊበላውን አባት ያየው ሌላ ሰው ነው። ብርሃኑ ከየት እንዲመጣ፣ ፊታቸው ምን ያህል እንዲጠጋ፣ ከኋላቸው ምን እንዲታይ የመረጠው ፎቶግራፍ አንሺው ነው፤ ምናልባትም ለዚያች አንዲት ቅጽበት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቶ ቅዳሴ አስቀድሶ ይሆናል። አንቺ የተከተልሽው የእርሱን ውሳኔ ነው። የቅጂ መብት ሕጉም የሚጠብቀው ያንን የእርሱን ድካም ነው፤ ነገ ያንቺንም ድካም የሚጠብቀው ይኸው ሕግ ነው።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ አንበሳ ሥሎ መጣ፤ ከአንድ ፖስተር የቀዳው ነበር። ጎፈሩ ፀጉር በፀጉር ተሠርቷል፣ እንከን አይወጣለትም። መለስኩት። ተቆጥቶ «ታዲያ እኔ ምን አለኝ? ቤታችን ውስጥ የሚሣል ነገር የለም» አለኝ። አባቱ ታክሲ ነጂ ነበሩ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ልጁን ይዘውት ወደ አየር ማረፊያው ይሄዳሉ፤ ታክሲዎች ተራ በሚጠብቁበት ሜዳም ለረጅም ሰዓት ይቆማሉ። «ከኋላ ወንበር ተቀመጥና ከዚያ የሚታይህን ብቻ ሣል» አልኩት። ሦስት እሁድ ፈጀበት። በከሰል የሠራው ሥዕል አሁንም በዓይኔ ላይ አለ፤ የፊተኛው ወንበር ጀርባ ግማሹን ወረቀት በጥቁር ሞልቶታል፣ ከመስታወቱ ላይ ትንሽ የእንጨት መስቀል ተንጠልጥላለች፣ በወንበሮቹ መካከል የሻይ ቴርሞስ ቆሟል፣ በመስታወቱም ውስጥ የአባቱ የተጨፈኑ ዓይኖች ብቻ ይታያሉ። ሰውዬው በሥዕሉ ውስጥ ሌላ የትም የሉም፤ መኪናው ሁሉ ግን እርሳቸው ናቸው።

ሥዕሉ ሁለተኛ ወጥቶ በምክር ቤቱ አባል የአካባቢ ቢሮ ለወራት ተሰቀለ። አባትየው ከሥራ እንደወጡ ሊያዩት ሄደው ብዙ ቆሙ። ከዚያም ወደ ልጃቸው ዞረው «ይህን ያህል ደክሞኝ ነበር እንዴ?» አሉት።

እንግዲህ አንቺም የያዝሽው ሥዕል ለሳሎናችሁ ይሁን፤ አይጣል፣ አይደበቅ። ለውድድሩ ግን እንደገና ጀምሪ። መቋሚያ የሚደገፉ አባት ከፈለግሽ በቤተ ክርስቲያናችሁ አሉ፤ አስፈቅደሽ በማኅሌቱ ሰዓት ከምትቆሚበት ቦታ ሆነሽ ፎቶ አንሺያቸው ወይም ንደፊያቸው። ላሊበላ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት ከበስተጀርባቸው የኪራይ አዳራሽ ታጣፊ ወንበሮችና «መውጫ» የሚል ቀይ መብራት ይታይ ይሆናል። እርሱን አታጥፊው። ያንን ከአንቺ በቀር ማንም አላየውም።

ጥያቄ፦ ልጄ የአገር ቤቱ ጦርነት ልቡን ሰብሮታል። አያቱን ለወራት በስልክ ማግኘት ባልቻልንበት ጊዜ የደረሰበትን ሐዘን በሥዕል መግለጽ ይፈልጋል። የጀመረው ንድፍ ወታደሮችንና ባንዲራዎችን ያሳያል። እንዲህ ያለ ሥዕል ይፈቀዳል? ወይስ ልከልክለው?
(አንድ አባት፣ ከሲያትል፣ ዋሽንግተን ስቴት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅዎን አይከልክሉት፤ ከመጨረሱ በፊት ግን ሊያውቀው የሚገባ ደንብ አለ። በካፒቶል መተላለፊያ የሚሰቀሉ ሥራዎች የምክር ቤቱን ሕንፃዎች የሚያስተዳድረው ኮሚሽን ባወጣው መመሪያ ይገዛሉ። መመሪያው በወቅቱ የፖለቲካ ውዝግብ የሆኑ ጉዳዮችን የሚያሳዩ፣ እንዲሁም ሆን ብለው ስሜትን የሚያውኩ ወይም የሚዘገንኑ ሥራዎች እንዳይሰቀሉ ይከለክላል።

ይህ ደንብ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሚዙሪ የመጀመሪያው የምርጫ ክልል፣ በተወካዩ ላሲ ክሌይ ቢሮ በኩል ያሸነፈ የአንድ ተማሪ ሥዕል ነበር። ሥዕሉ በ2014 በዚያው በሚዙሪ፣ በፈርጉሰን ከተማ በፖሊስ ላይ ከተነሣው ተቃውሞ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ፖሊሶችና ሰልፈኞች ፊት ለፊት ሲጋጠሙ ያሳያል፤ ከሰዎቹም አንዳንዶቹ የእንስሳት ራስ ነበራቸው። ለወራት ያለ ችግር ተሰቅሎ ከቆየ በኋላ በጃንዋሪ 2017 አንዳንድ የምክር ቤት አባላት ፖሊሶችን ያዋርዳል በማለት ከግድግዳው አወረዱት፤ ክሌይ መልሰው ሰቀሉት፤ እንደገና ወረደ፤ በመጨረሻም ካፒቶልን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ደንቡን ይጥሳል ብሎ እንዲነሣ ወሰነ። ተወካዩና ተማሪው ለፌዴራል ፍርድ ቤት አቤት ቢሉም፣ ዳኛው በኤፕሪል 2017 ሥዕሉ ተመልሶ እንዲሰቀል ለማዘዝ ፈቃደኛ አልሆኑም። ምክንያታቸውም በውድድሩ የሚሰቀሉት ሥራዎች መንግሥት ራሱ እንደሚናገረው ንግግር ይቆጠራሉ፣ ስለዚህ መንግሥት የመምረጥ ሥልጣን አለው የሚል ነበር።

አንድ ወጣት በዳኞች ተመርጦ ተሸልሞ ካበቃ በኋላ ሥራው ከግድግዳ ሲወርድበት ማየት ያሳዝነኛል፤ ውሳኔውንም በልቤ ተቀብዬው አላውቅም። ሆኖም ደንቡ ደንብ ነውና ልጅዎ አውቆት ይግባበት።

ስለ ሥዕሉ ራሱ ግን ከደንቡ የሚበልጥ የምለው አለኝ። ወታደሩንና ባንዲራውን ልጅዎ ያየው በቴሌቪዥን ነው። በዓይኑ ያየው የእናቱን ስልክ ነው፤ ደውላ ደውላ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፍታ ስታስቀምጠው። ለአያቱ ተገዝቶ፣ የሚያደርስ መንገደኛ ጠፍቶ፣ በኮሪደሩ ጥግ ወራት ያስቆጠረ ሻንጣ ቤታችሁ ውስጥ የለም? ብዙ ቤት ነበር። ያንን ሻንጣ ከነአቧራው፣ ከነተለጠፈበት የስም ወረቀት ቢሥለው፣ ስለ ጦርነቱ አንድም ቃል ሳይናገር፣ ያየው ሰው ሁሉ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ማንም ሰው «ከእነማን ወገን ነህ?» ብሎ አይጠይቀውም። ይህን የምለው ደንቡን እንዲሸሽ ብዬ አይደለም። ሐዘኑ የተቀመጠው እዚያው ቤታችሁ ውስጥ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ መጠኑ፣ ዓይነቱና ፍሬሙ እንዴት መሆን እንዳለበት በአማርኛ ቢያብራሩልን። የማስገቢያው ቀንስ መቼ ነው?
(ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ እና ከሌሎች አራት አንባቢያን)

መልስ፦ ሥራው ጠፍጣፋ፣ በግድግዳ ላይ የሚሰቀል መሆን አለበት፤ ሐውልትና ቅርጻ ቅርጽ አይገባም። የዘይት፣ የአክሪሊክና የውሃ ቀለም ሥዕል፣ በእርሳስ፣ በቀለም እርሳስ፣ በብዕር፣ በፓስቴልና በከሰል የተሠራ ንድፍ፣ ኮላዥ፣ ከእንጨት ወይም ከሊኖ ቅርጽ የሚወጣ ኅትመት፣ የተለያዩ ቁሳቁሶችን የሚያቀላቅል ሥራ፣ በኮምፒውተር የተሠራ ሥዕልና ፎቶግራፍ ሁሉም ይፈቀዳሉ። የሚገባው ዋናው ሥራ ነው፤ የሥዕሉ ስካን ወይም ኮፒ አይሆንም።

መጠኑ ከነፍሬሙ በቁመትም በወርድም ከ26 ኢንች፣ ማለትም ከ66 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ከ4 ኢንች፣ ክብደቱ ደግሞ ከ15 ፓውንድ፣ ይህም ወደ 7 ኪሎ ግራም ይጠጋል፣ መብለጥ የለበትም። «ከነፍሬሙ» የሚለውን ቃል በቀይ አስምሩበት። እኔ ራሴ ማስተማር በጀመርኩበት ዘመን ይህን ቃል በደንብ ሳላጤን 24 በ24 ኢንች የሆነ ሸራ ለአንዲት ተማሪዬ ሰጠኋት። ሥዕሉ ግሩም ሆኖ ወጣ፤ ከፍሬም ሠሪው ሲመለስ ግን ከየጎኑ ሁለት ሁለት ኢንች ተኩል ጨምሮ 29 ሆኖ ተገኘ። ለማስረከብ አንድ ቀን ሲቀረን ፍሬሙን ፈልቅቀን ቀጭን ጠርዝ ያለው ለማግኘት ከሱቅ ሱቅ ስንዞር አመሸን። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ ከ20 በ20 ኢንች የሚበልጥ ወረቀት አልሰጥም።

በብዙ ቢሮዎች ዘንድ ሥዕሉ በፍሬም ሆኖ መቅረብ የሚኖርበት አሸንፎ ወደ ዋሽንግተን የሚላክ ከሆነ ነው፤ ስለዚህ ውጤቱ ሳይታወቅ በፍሬም ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። ፍሬም ስታሠሩ በብርጭቆ መስታወት ፈንታ ፕሌክሲግላስ (መስታወት መሰል ፕላስቲክ) ብታደርጉበት ክብደቱም ይቀንሳል፣ በመንገድም አይሰበርም። በከሰልና በፓስቴል የተሠራ ሥዕል ደግሞ እንዳይለቅ የሚነፋበት ፈሳሽ አለ፤ በሥዕል ዕቃ መሸጫዎች ይገኛል፤ መስኮት ተከፍቶ ወይም ደጅ ተወጥቶ፣ አንድ ጊዜ በብዙ ከማርከፍከፍ በስሱ ሁለትና ሦስት ጊዜ መንፋት ይበጃል።

ቀኑን እያንዳንዱ ቢሮ ለራሱ ይወስናል፤ በአብዛኛው በማርችና በኤፕሪል መካከል ይውላል። የምክር ቤት አባላችሁ ማን እንደሆነ በዚፕ ኮዳችሁ ከምክር ቤቱ ድረ ገጽ ማግኘት ይቻላል፤ ከዚያም ወደ አካባቢው ቢሮ ደውሉና ስለ ሥዕል ውድድሩ የሚከታተለውን ሠራተኛ ጠይቁ። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ልጁ ራሱ ይደውል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ለሕዝብ ተወካይ ቢሮ ደውሎ ስለ ራሱ ሥራ መጠየቁ መልካም ልምምድ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ የውድድሩን ቀን አሳለፈችው፤ ተስፋ ቆርጣለች። ሌላ የምትሞክረው ይኖራል? ደግሞ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ሥዕል እንጀራ ይሆናል?
(አንድ አባት፣ ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ)

መልስ፦ ሌላ አለ፤ እንዲያውም ዕድሜው ከኮንግረሱ ውድድር የሚበልጥ ነው። ስኮላስቲክ የሥዕልና የጽሑፍ ሽልማት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1923 ተጀመረ። ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉና 13 ዓመት የሞላቸው ተማሪዎች ይወዳደሩበታል። ምዝገባው በሴፕቴምበር ይከፈታል፤ ሥራው የሚላክበት ቀን እንደየአካባቢው ቢለያይም በአብዛኛው በዲሴምበርና በጃንዋሪ ነው። በየአካባቢው የወርቅ ቁልፍ የተባለውን ሽልማት ያገኙ ሥራዎች ወደ አገር አቀፉ ዳኝነት ያልፋሉ። ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል በልጅነቱ በዚህ ውድድር ከተሸለሙት አንዱ ነው። ለምዝገባ የሚጠየቅ መጠነኛ ክፍያ ቢኖርም፣ መክፈል የማይችል ቤተሰብ ነፃ እንዲደረግለት የሚጠይቅበት ቅጽ አብሮ አለ፤ ለመጠየቅ አያፍሩ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ከባድ ነው፤ ሁሉም ሠዓሊ በሥዕሉ ይተዳደራል ብዬ አልዋሽዎትም። ነገር ግን የተማሪዎች ወይም የወጣቶች ውድድር ትንሽ ነገር ነው ብለው እንዳይንቁት አንድ ታሪክ ላስታውስዎ። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ገና ወጣት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኢዮቤልዩ በዓል በተደረገ የሥዕል ውድድር ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ በመንግሥት ስኮላርሺፕ ለንደን ሄዶ ተማረ፣ ወደ ፓሪስም ተሻገረ፤ በኋላም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ከ1970ዎቹም ጀምሮ እዚሁ ዋሽንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተማረ። ከእርሱ እጅ የተማሩ ሠዓሊዎች ዛሬ ራሳቸው መምህራን ናቸው። ሠዓሊዋ ጁሊ ምሕረቱም እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ በሰባት ዓመቷ ከወላጆቿ ጋር ወደ ሚሺጋን የመጣች ልጅ ነበረች፤ በ2005 ለላቀ የፈጠራ ችሎታ የሚሰጠውን የማክአርተርን ሽልማት ተቀብላለች፣ ሥዕሎቿም በታላላቅ ሙዚየሞች ይገኛሉ። እንደ ልጅዎ ሁሉ በእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ገብታ፣ ከሁለት አገር ሰው ሆና ያደገች ናት።

እነዚህ ጥቂቶች ናቸው፤ አውቃለሁ። ከእነርሱ በታች ደግሞ የመጻሕፍት ሠዓሊዎች፣ የሕንፃና የዕቃ ዲዛይነሮች፣ እንደ እኔ ያሉ መምህራን፣ በሙዚየም የሚሠሩ ብዙ ሰዎች በዚህ ሙያ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። ልጅዎ የምትፈልገው ዛሬ ውሳኔ አይደለም፤ እስከ ሴፕቴምበር የምትሠራበት ጠረጴዛና ማንም የማይነካባት መሳቢያ ነው።

ጥያቄ፦ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሥዕሌ በምርጫ ክልላችን አንደኛ ወጥቷል፤ በዋሽንግተን በሚደረገው የመክፈቻ ዝግጅት ላይም ተጋብዣለሁ። ደስታዬ ወሰን የለውም፤ ነገር ግን ወደፊት ለኮሌጅ የሥራዎቼን ስብስብ ማቅረብ ስለሚኖርብኝ ሥዕሉ መቼ እንደሚመለስልኝ ማወቅ እፈልጋለሁ።
(ከሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ)

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለህ፤ ወላጆችህንም እንኳን ደስ ያላችሁ በልልኝ። ሥዕልህ በመተላለፊያው ላይ የሚቆየው እስከሚቀጥለው ዓመት የጸደይ ወራት ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ በምክር ቤት አባልህ ቢሮ በኩል ይመለስልሃል። በመካከሉ ለኮሌጅ ብለህ ማስመለስ አትችልም። ስለዚህ ፍሬም ከመግባቱ በፊት፣ ዛሬ ወይም ነገ፣ በደንብ ፎቶ አንሣው። ደመና በሸፈነበት ቀን፣ ፀሐይ በቀጥታ ከማይገባበት መስኮት አጠገብ ግድግዳ ላይ አቁመው፤ የቤቱን መብራት አጥፋ፣ አለዚያ ነጩ ወረቀት ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ካሜራውን በሥዕሉ መካከለኛ ቁመት ልክ ያዝ፤ አንዱን ሙሉውን፣ ሌሎች ሁለትና ሦስቱን ደግሞ እጅህ በደንብ የሠራበትን ቦታ ቀርበህ አንሣ። መጠኑን፣ የተሠራበትን ቁሳቁስና የጨረስክበትን ቀን በማስታወሻ ጻፍ። የተፈራረማችሁበትን ቅጽ አንድ ኮፒ ከሥዕሉ ጀርባ ለጥፈህ ሌላውን ቤትህ አስቀምጥ።

ወደ ዋሽንግተን ስትመጣ እናትህን ይዘህ ና። በመተላለፊያው ከየምርጫ ክልሉ የመጡ ሥዕሎች ተደርድረዋልና የሚኒሶታን እስክታገኙ ድረስ ረጅም መንገድ ትሄዳላችሁ፤ ምቹ ጫማ ታድርግ።